ገብስማና ዳልቻ ዶሮ ከራስ ጓሮ ማውጣት

ጅማ አካባቢ ባለው የሸቤ ገበያ ዶሮ የሚገዛ ሰው ክብደቱን በእጁ ከመመዘኑ በፊት ላባውን ያያል። ለበዓል ቀይና ነጭ አውራ ይፈለጋል፤ ጥቁር የያዘ ሻጭ ዋጋውን ዝቅ ማድረጉ አይቀርም። ገብስማና ዝግሪማ የራሳቸው ፈላጊ አላቸው፤ ለምን እንደሚፈልጋቸው ገዢው ሁልጊዜ አይናገርም፣ እናንተም አትጠይቁት። እነዚህን ቀለሞች ከራሳቸው ጓሮ ለማውጣት የሚሞክሩ አርቢዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያማረች ገብስማ እናት ዶሮ ገዛሁ፤ ቄቦቿ ግን ሁሉም ጥቁር ሆኑብኝ። ተታልዬ ነው?»

አልተታለላችሁም። ሴት ልጅ ገብስማነትን የምትወርሰው ከአባቷ ነው። ይህንን አውቆ የሚጀምር ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ያተርፋል፤ ዝርዝሩን በ4ኛው ደረጃ ታገኙታላችሁ። ለሥራው የሚያስፈልጋችሁ አንድ የታጠረ ቦታ፣ 1 አውራ፣ 4 ወይም 5 ሴት ዶሮ፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ ባለ ቀለም ክርና ትዕግሥት ነው። የአገራችን ዶሮ ከተፈለፈለች በኋላ እንቁላል ለመጣል 6 እስከ 7 ወር ትፈልጋለች፤ ስለዚህ አንድ ትውልድ ከነመታቀፉ 8 ወር ገደማ ይወስዳል።

1. አንድ ቀለም ብቻ ምረጡ

ጀማሪ ሦስት አራት ቀለም በአንድ ጓሮ ይጀምርና በዓመቱ መጨረሻ ጓሮው ተመልሶ የገበያውን ድብልቅ ይመስላል። አንድ ቀለም ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ገብስማን ነው፤ እዚህ ገብስማ የምለው እያንዳንዱ ላባ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር አግድም የተነባበረበትን ነው። ነጋዴ ግራጫ ቅልቅል የሆነውን ሁሉ ገብስማ ስለሚል በስሙ አትግዙ። ከጀርባዋ ላይ አንድ ላባ ነቅላችሁ ተመልከቱ፤ መስመሩ ከላባው ሥር እስከ ጫፉ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ምርጫ ዳልቻ ነው፤ መላ ገላው አመድ የመሰለ ዶሮ ማለት ነው። ገበያ ላይ ብዙ አይገኝም፤ ውርሱ ግን ለመረዳት ቀላል ነው። ነጭ ቀላል ይመስላል እንጂ ከሦስቱ አታላዩ እሱ ነው። ቀይ ለማውጣት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ሮድ አይላንድ ሬድ የተባለው ዝርያ ጥሩ አውራ ካገኛችሁ በቂ ነው።

2. ወላጆቹን መርምራችሁ ግዙ

አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ አውራውን ግዙ። የሴቷ ቀለም የተበላሸ ቢሆንም በአውራው ይስተካከላል፤ አውራው ከተበላሸ ግን የዓመቱ ፍሬ ሁሉ አብሮት ይበላሻል።

ለገብስማ አቋራጭ አለ። ፖቸፍስትሩም ኮኮክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ዝርያ በአገራችን ለአርቢዎች ሲሰራጭ ቆይቷል፤ ላባውም መስመር ያለበት ነው። ንጹሕ ከሆነ አውራው የመስመሩን ውርስ ከሁለቱም ወላጆቹ ስላገኘ ከነጭ በቀር ከየትኛዋም ሴት ጋር ቢጣመር ልጆቹ ሁሉ መስመር ይዘው ይወጣሉ። ጅማ ያለው የዩኒቨርሲቲው የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሆነ የወረዳችሁ የእንስሳት ባለሙያ የት እንደሚገኝ ሊጠቁሟችሁ ስለሚችሉ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

በሳሶና በቦቫንስ ብራውን አውራ አትጀምሩ። ሁለቱም ከተለያዩ የዘር ሐረጎች የተዳቀሉ ናቸው፤ መልካቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ልጆቻቸው ወጥ አይሆኑም። «የገዛሁት ቀይ ነበር፣ የወለደው ግን አሥር ዓይነት ነው» የሚባለው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስትገዙ ዓይኑ የበራ፣ አፍንጫው ደረቅ፣ እግሩ ቅርፊት ያልወጣበት፣ ኩሱ የጠነከረ መሆኑን እዩ። ክንፉን ዘርግታችሁ ሥሩን ተመልከቱ፤ ጥቁር መስሎ ከውስጥ ነጭ ላባ የሚደብቅ አውራ ብዙ ነው። ፀሐይ የመታው ጥቁር ላባ የዛገ ይመስላል፤ ያ የውርስ ጉድለት ስላልሆነ በሚቀጥለው የላባ ለውጥ ይመለሳል። አዲስ የገዛችሁትን ዶሮ 2 ሳምንት ለብቻው ሳታስቀምጡ ከነባሮቹ ጋር አትቀላቅሉ። ፈንግል ወደ ጓሮ የሚገባው በብዛት ከገበያ በመጣ ዶሮ ነው።

3. ለዩ፣ ጠብቁ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር በሆዷ 2፣ አንዳንዴም 3 ሳምንት ይዛ ትቆያለች። የመረጣችኋት ሴት ትናንት ከጎረቤት አውራ ጋር ከነበረች ዛሬ ከእናንተ አውራ ጋር ብትዘጉባትም የሚቀጥሉት እንቁላሎቿ የጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ከለያችኋት በኋላ 3 ሳምንት የምትጥለውን እንቁላል ብሉት ወይም ሽጡት፤ ለመታቀፍ አታስቀምጡት።

ለ1 አውራና ለ5 ሴት 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቤትና ከፊቱ የታጠረ ሜዳ ይበቃል። በእኛ አካባቢ ለአጥር ሽቦ የግድ መግዛት አያስፈልግም፤ ከአረጀ የቡና ማድረቂያ አልጋ የተረፈው ሽቦ ቢጠጋገን ያገለግላል። ላዩንም ሸፍኑት። የአገር ዶሮ ትበራለች፤ የጎረቤት አውራም ይበራል፤ ከላይ ክፍት የሆነ አጥር ደግሞ ለጭልፊት የተዘረጋ ገበታ ነው። ቆጡን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ከእንቁላል መጣያው ሣጥን በታች እንዳይሆን ጠብቁ፤ ከሆነ በእንቁላሉ ላይ ያድሩበታል።

ወለሉ ላይ የጤፍ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ። ሸቤ ላይ በነጻ የሚገኘው የቡና ገለባ ነው፤ ፍጹም ከደረቀ ይሠራል፣ እርጥብ ከሆነ ግን በሁለት ቀን ይሻግታል፤ የሻገተው ለሳንባቸውም ለሆዳቸውም መርዝ ነው። በእኛ ክረምት ደረቅ የቡና ገለባ ማቆየት ከባድ ስለሆነ እኔ ጭዱን እመርጣለሁ።

ለቀለም ሥራ ለአንድ አውራ ከ5 ሴት በላይ አትስጡት፤ ብዙ ሴት ካለው የማንን እንቁላል እንደያዛችሁ መከታተል ያቅታችኋል። ሴቶቹ 2 ብቻ ከሆኑ ደግሞ ሁሌ እነሱን ሲያጠቃ ጀርባቸው ይላጣል፤ የእግሩን ጥፍር ማዶልዶም ይረዳል።

4. ማጣመር

ገብስማ። በዶሮ ወንዱ ሁለት አንድ ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም ሲኖረው ሴቷ ከዚያ ዓይነት አንድ ብቻ አላት። የመስመሩ ውርስ የተቀመጠው በዚህኛው ላይ ነው። እናት ያለቻትን አንዷን ለወንድ ልጆቿ ትሰጣለች፤ ለሴት ልጆቿ የምታስተላልፈው ሌላኛውን፣ መስመር የሌለበትን ነው። ስለዚህ ጥቁር አውራና ገብስማ ሴት ብታጣምሩ ወንዶቹ በሙሉ ገብስማ፣ ሴቶቹ በሙሉ ያለ መስመር ይሆናሉ። በመግቢያው የተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

ይህ ጥምረት አንድ ጥቅም አለው። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ጥቁር ናቸው፤ ወንዶቹ ግን አናታቸው ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ይይዛሉ። ወንድና ሴት በመጀመሪያው ቀን መለየት ትችላላችሁ ማለት ነው፤ ሰፋፊ አርቢዎች ቀይ አውራ በመስመራም ሴት ላይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ንጹሕ የኮኮክ አውራ ያላገኘ ሰው በእጁ ባለችው ገብስማ እናት እንዲህ ይሥራ። መጀመሪያ እሷን ከጥቁር አውራ ጋር ያጣምራል፤ ገብስማ ወንዶች ይወጣሉ። እነዚህ መስመሩን ከእናታቸው ብቻ ስላገኙ ጥቁረታቸው ያመዝናል። ከእነሱ ጠንካራውን መርጦ ዝምድና ከሌላት ሌላ ገብስማ ሴት ጋር ያጣምረዋል። አሁን ወንዶቹ ሁሉ ገብስማ ይሆናሉ፤ ከሴቶቹም ግማሽ ያህሉ። ከወንዶቹ ግማሽ ገደማ መስመሩን ከሁለቱም ወገን ያገኙ ናቸው። እነዚህ ከወንድሞቻቸው ነጣ ብለው ይታያሉ፤ ነጩ መስመር ከጥቁሩ እኩል ወይም ሰፋ ይላል። የምትፈልጉት አውራ ይሄ ነጣ ያለው ነው። ገበያ ላይ «የደበዘዘ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውም እሱ ነው፤ ብዙ አርቢ ጥቁር የበዛበትን፣ ደመቅ ያለውን ለራሱ አስቀርቶ ዋናውን ይሸጣል። ነጣ ያለው አባት ከሆነ ልጆቹ፣ ወንድም ሴትም፣ ሁሉም ገብስማ ናቸው።

ዳልቻ። የተለመደው ዳልቻ ከጥቁርና ከሌላ ነጣ ካለ ዓይነት መሐል የሚቆም ቀለም ነው። ዳልቻና ጥቁር ሲጣመሩ ግማሹ ዳልቻ፣ ግማሹ ጥቁር ይወጣል። ዳልቻና ዳልቻ ሲጣመሩ ከ4 ጫጩት በአማካይ 1 ጥቁር፣ 2 ዳልቻ፣ 1 ደግሞ ነጭ ላይ ዳልቻ የተረጨበት ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን እንደ ተበላሸ ቆጥራችሁ አትሽጡት። የተረጨውን ከጥቁር ጋር ብታጣምሩ ልጆቹ በሙሉ ዳልቻ ይሆናሉ፤ ሁሉን ዳልቻ የምታገኙበት መንገድ ይህ ብቻ ነው። «ዳልቻን በዳልቻ ብቻ እያራባሁ አጠራዋለሁ» ያለ ሰው ዘላለም ሲለፋ ይኖራል፣ ቀለሙ አይጠራለትም።

የተለየ ዳልቻም አለ፤ ላባው ጫፉ ላይ ሳይጠቁር ከላይ እስከ ታች እኩል የፈዘዘ ነው። ይህ ከጥቁር ጋር ሲጣመር ልጆቹ ሁሉ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ተስፋ አትቁረጡ፤ ውርሱ ተደብቋል እንጂ አልጠፋም። ከሴት ልጆቹ አንዷን መልሳችሁ ለአባቷ ብትሰጡ ግማሽ ገደማ ዳልቻ ይመጣል። የዚህኛው ዓይነት ዳልቻና ዳልቻ ደግሞ ዳልቻ ብቻ ይወልዳሉ። የትኛው እንደሆነ የምታውቁት ከመጀመሪያው መፈልፈል ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥምረት ሁልጊዜ ከንጹሕ ጥቁር ጋር አድርጉ።

ነጭ። ሁለት ዓይነት ነው፣ በዓይንም አይለይም። አንዱ ሌላውን ቀለም የሚጫን ነጭ ነው። ነጭ ሌግሆርን የያዘው ይህንን ነው፤ ዝርያው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከነሮድ አይላንድ ሬድ ወደ ጅማና ወደ ሐረማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ስለገባ በአካባቢያችን ዶሮ ውስጥ ደሙ ቢገኝ አያስገርምም። ሁለተኛው ተደብቆ የሚኖር ነጭ ነው፤ ሁለት ጥቁሮች ተጣምረው ድንገት ነጭ ጫጩት የሚወጣው በእሱ ነው። ለመለየት ነጩን አውራ በጥቁር ሴት ሞክሩት። ልጆቹ ነጭ ሆነው ጥቂት ጥቁር ነጥብ ብቻ ካለባቸው ተጫኙ ነው። ባለ ቀለም ከሆኑ ተደባቂው ነው፤ ነጩ የሚመለሰው ሴት ልጆቹን ለአባታቸው መልሳችሁ ስታጣምሩ ነው። ከአጥራችሁ ውስጥ ተጫኝ ነጭ ያለበት አውራ ካለ ገብስማውንም ዳልቻውንም ይሸፍንባችኋል፤ ቀለም ለማውጣት ከፈለጋችሁ ያ አውራ ይውጣ።

5. እንቁላሉን ሰብስባችሁ አስታቅፉ

በየቀኑ ሰብስቡ፤ ቀኑንና የእናቲቱን ምልክት በእርሳስ ጻፉበት። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ፤ ጤፍ ውስጥ መቅበር የቆየ ጥሩ ዘዴ ነው። ከ7 ቀን ያለፈ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። የቆሸሸውን አጥባችሁ አታስታቅፉ፤ ማጠብ ቅርፊቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ያነሳዋል።

ታቃፊዋ ከቀለም ጥምረታችሁ ውጪ የሆነች የአገር ዶሮ ትሁን፤ በመታቀፍ የሚስተካከላት የለም፣ የምትመርጧት እናትም እንቁላል መጣሏን ትቀጥላለች። 10 ወይም 12 እንቁላል ይበቃታል። የሁለት ጥምረት እንቁላል በአንዲት ታቃፊ ሥር አትቀላቅሉ፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ቅርፊቱ እስኪሰበር ድረስ ብቻ ነው። በአንዳንድ ቤት ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳያበላሸው ሚስማር ወይም ከሰል ጎጆው ውስጥ ይደረጋል፤ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ማስቀመጡ ጉዳት የለውም።

በ7ኛው ቀን ማታ በስልካችሁ መብራት እንቁላሉን ወደ ብርሃን ያዙት። ቀይ ሥር የመሰለ የደም መስመር ከታየ ሕይወት አለው፤ ጠርቶ ከታየ አውጡት። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል።

ወቅቱን አስቡ። እኔ የምመርጠው ጫጩት ጥር ላይ እንዲፈለፈል ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቤተሰቡ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ስለሆነ ጫጩት የሚጠብቅ አይኖርም። ጥር ላይ ሥራው ይቀንሳል፣ መሬቱም ደርቋል። ጥር ላይ የተፈለፈለ ጫጩት ዋናው ክረምት ሲገባ 5 ወር ሞልቶት ጠንክሮ ይጠብቀዋል፤ ትርፍ ወንዶቹም ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይደርሳሉ።

6. በመጀመሪያው ቀን ምልክት አድርጉ

ጫጩቱ ከእናቲቱ ሥር ሳይወጣ በእግሩ ላይ ላላ አድርጋችሁ ባለ ቀለም ክር እሰሩ፤ ለእያንዳንዱ ጥምረት አንድ የክር ቀለም ይበቃል። እግሩ እየወፈረ ስለሚሄድ ክሩን በየሳምንቱ ፍቱና እንደገና እሰሩ፤ የተረሳ ክር እግር ይቆርጣል። ደብተሩ ላይ የአባቱን፣ የእናቱን፣ የተፈለፈለበትን ቀን፣ የጫጩቱን ጸጉር ቀለም፣ አናቱ ላይ ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩን ጻፉ።

7. ማሳደግ

ላባ ማለት በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። በቆሎና የቤት ትራፊ ብቻ ያደገ ዶሮ ላባው ይሳሳል፣ አግድም የተሰበረ መሰል መስመር ያወጣል፤ ያንን ከገብስማ መስመር ጋር እንዳታምታቱት። ከበቆሎና ከፉርሽካ ጋር የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሉ፤ ምስጥና ትል ሲገኝ ስጡ። ብዙ ቢጫ በቆሎ የበላ ነጭ ዶሮ ግን ወደ ቢጫ ያደላል፤ ይህ ነጭ ዶሮ የሚያረቡትን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ጥቁርና ዳልቻ ጥላ ይፈልጋሉ፤ በዚህ በኩል ከቡናው ዛፍ ሥር የተሻለ ቦታ የላቸውም።

ፈንግልን በክትባት እንጂ በመድኃኒት አትመልሱትም። ክትባቱ የሚመረተው ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ ተቋም ነው፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጊዜውንና አሰጣጡን ይነግራችኋል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር አዋጥታችሁ በአንድ ጠዋት አስከትቡ። የእናንተ ዶሮ ተከትቦ የጎረቤት ካልተከተበ በሽታው ከአጥራችሁ ሥር አይጠፋም። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋል፤ የምንጭ ወይም የዝናብ ውኃ ተጠቀሙ።

ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ጫጩቶቹን ቀን በሽፋን ሥር፣ ማታ ሸለምጥማጥ በማይገባበት ቤት አቆዩ። ነጭ ጫጩት በአረንጓዴ ሣር ላይ ለጭልፊት ከሩቅ ይታያል።

8. መምረጥና ማስወጣት

በመጀመሪያው ጸጉር አትፍረዱ። ጫጩት አዋቂ ላባ እስኪይዝ ላባውን ደጋግሞ ስለሚለውጥ ቀለሙ የሚረጋው 5 ወይም 6 ወር ላይ ነው። በ2 ወሩ «አልወጣም» ተብሎ የታረደ ስንት ጥሩ ዳልቻ አለ! ጤናው የደከመውን፣ እግሩ የጠመመውን ግን ምንም ያህል ቢያምር ቶሎ አስወጡ።

ከዚያ በኋላ ከ10 ዶሮ 2 ወይም 3 ብቻ አስቀሩ። አንድ አባት በልጁና በልጅ ልጁ ላይ ደጋግሞ ከዋለ መፈልፈሉ እየቀነሰ፣ ጫጩቱ እየሰነፈ ይመጣል። ስለዚህ ለሁለት ትውልድ ከተጠቀማችሁበት በኋላ አውራውን ለውጡ። ከሁሉ የሚቀለው ተመሳሳይ ቀለም ከያዘ ሌላ አርቢ ጋር መስማማት ነው፤ አንዱ ሸቤ ከተማ፣ ሌላው ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ቢሆን እንኳ በየዓመቱ አውራ መለዋወጥ ይቻላል። ስትለዋወጡ የደብተሩን ገጽም ገልብጣችሁ አብራችሁ ስጡት፤ የመጣውንም አውራ 2 ሳምንት ለብቻው ሳታቆዩ ከሴቶቹ ጋር አታስገቡ።